ፓስታ ኤ ፋጆሊ በቤታችሁ፦ ቦሎቄው እንዲበስል፣ ፓስታው እንዳይላሽቅ

የጣሊያኖቹን የቦሎቄና የፓስታ ሾርባ፣ ፓስታ ኤ ፋጆሊን፣ ሞክራችሁ አልሆነላችሁም እንበል። ችግሩ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ቦሎቄው ብዙ ሰዓት ተቀቅሎም ልቡ አልበሰለም። ወይ ሾርባው ቀጥኖ ቦሎቄው ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ሆኗል። ወይ ደግሞ ፓስታው ላሽቆ ሁሉም ነገር ተለጣፊ ሊጥ መስሏል።

ሦስቱም በአብዛኛው የሚመጡት ከቅደም ተከተል ስህተት ነው። ጨው ቀድሞ ይገባል። ቲማቲም ዘግይቶ ይገባል። ፓስታ መጨረሻ ላይ ይገባል። ቦሎቄው የተቀቀለበት ውሃ ደግሞ ጨርሶ አይደፋም። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ለእሁድ ምሳ ካሰባችሁት ቅዳሜ ማታ ጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከ4 እስከ 6 ሰው ያጠግባል።

- ደረቅ ቦሎቄ፣ 300 ግራም (1 ኩባያ ተኩል ገደማ)
- አጭር ፓስታ፣ 150 ግራም
- መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 1
- ካሮት፣ 1
- ሰለሪ፣ 1 ዘንግ
- ነጭ ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ
- የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ)፣ 1 ትንሽ ዘለላ
- የቲማቲም ድልህ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ወይም 2 የበሰሉ ቲማቲሞች
- የወይራ ዘይት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ፣ ሲቀርብ ላዩ ላይ የሚፈስ ጥቂት ተጨማሪ
- ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ
- ከተገኘ የፓርሚጃኖ አይብ ቅርፊት፣ እና የተፈቀፈቀ አይብ

ጥቂት ማሳሰቢያ ስለ ዕቃው።

ቦሎቄው፦ በሰሜን ጣሊያን የሚመረጠው ቦርሎቲ የሚባለው ዝንጉርጉሩ ነው። በቬኔቶ ክልል የላሞን ቦርሎቲ የታወቀ ነው። በቶስካና ነጩ ካኔሊኒም ይሠራበታል። እናንተ ዝንጉርጉር ቦሎቄ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ካልሆነ ቀዩም ነጩም ይሆናል። ከዓይነቱ ይልቅ ዕድሜው ነው የሚያሳስበው። ብዙ ጊዜ መጋዘን ውስጥ የከረመ ቦሎቄ እንደፈለጋችሁ ብትቀቅሉት እሺ አይልም። ስትገዙ እፍኝ አድርጋችሁ እዩት። ቆዳው የተሸበሸበ፣ የተሰነጠቀ ወይም የነቀዘ ከበዛበት ተዉት። ከሁለት ሱቅ የገዛችሁትን ደግሞ አትቀላቅሉ። አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ይሆናል።

ፓስታው፦ ዲታሊኒ ወይም ቱቤቲ የሚባሉት ትንንሽ ቱቦዎች ይመረጣሉ። ካጣችሁ ትንሹን መኮሮኒ ተጠቀሙ። እሱም ከሌለ ስፓጌቲ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በ2 ሳንቲ ሜትር ልክ ሰባብሩ። ይህ የችግር ቀን መላ ብቻ አይደለም፤ ናፖሊ ውስጥ የተሰባበረና የተለያየ ፓስታ ቀላቅሎ መሥራት የተለመደ ነው። ማሸጊያው ላይ ግን ዱረም ስንዴ ወይም ሰሞሊና የሚል መኖሩን አረጋግጡ። ከተራ የዳቦ ዱቄት የተሠራ ፓስታ ሾርባ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል።

ሥጋው፦ ብዙ ጣሊያኖች የአሳማ ስብ ወይም ፓንቼታ (በጨው የታሸ የአሳማ ሆድ ሥጋ) ይጨምሩበታል። አታስቡበት። ያለ ሥጋ የሚሠሩትም ብዙ ናቸው፤ ጣዕሙን የሚሸከመው የቦሎቄው ውሃ ነው። አይቡን ከተዋችሁት ደግሞ ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ልቀሙና ዘፍዝፉ

1. ቦሎቄውን ሰፌድ ወይም ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙ። ከቦሎቄው መጠንና ቀለም ጋር የሚመሳሰል ጠጠር ይኖራል። ይህን ደረጃ መዝለል ጥርስ ያስከፍላል።
2. እጠቡት።
3. ሰፋ ባለ ጎድጓዳ ሳህን 1 ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ። 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል ጨው ጨምራችሁ አሟሙ።
4. ቦሎቄውን ጨምሩና ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆይ።

ጨው ቦሎቄን ያደርቃል የሚባለውን ሰምታችኋል። አያደርቅም። የቦሎቄውን ቆዳ የሚያጠነክሩት ካልሲየምና ማግኒዝየም ናቸው። በጨው ውሃ ሲዘፈዘፍ ሶዲየም ቦታቸውን ይወስድና ቆዳው ይለሰልሳል። ስለዚህ ሲቀቀል ቆዳው ሳይተለተል ውስጡ እኩል ይበስላል።

ሙቀት ባለበት አገር፣ ለምሳሌ በገልፍ አካባቢ ወይም በክረምት ማሞቂያ በሚበራበት ቤት ከሆናችሁ ፍሪጅ ውስጥ ዘፍዝፉ። ጠዋት ላይ ውሃው አረፋ ይዞ የኮመጠጠ ሽታ ከሸተታችሁ ቦሎቄው መቡካት ጀምሯል። አትሞክሩት፤ ድፉት።

መዘፍዘፍ ከረሳችሁ፦ ቦሎቄውን በብዙ ውሃ አፍሉት። ለ2 ደቂቃ ከፈላ በኋላ እሳቱን አጥፉና ከድናችሁ 1 ሰዓት አቆዩት። ከዚያ ውሃውን ደፍታችሁ ወደ ደረጃ 2 እለፉ። የሌሊቱን ያህል አይሆንም፤ ግን ያደርሳል።

ደረጃ 2፦ ቦሎቄውን ቀቅሉ

1. የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉ። ቦሎቄውን አለቅልቁት። የሚደፋው ይኼ ውሃ ብቻ ነው።
2. ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት ጨምሩና 2 ሊትር አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉበት።
3. 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የተላጠ ነጭ ሽንኩርት እና የጥብስ ቅጠሉን ግማሽ ጨምሩ።
4. በኃይለኛ እሳት አፍሉት። ላዩ ላይ የሚሰበሰበውን አረፋ በጭልፋ ግፈፉ።
5. ሳይከደን፣ በደንብ እየፈላ 30 ደቂቃ ይቆይ። ውሃው ካነሰ የፈላ ውሃ ጨምሩ።
6. ከዚያ እሳቱን ቀንሱ። ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ ተዉት።

ተራ ቁጥር 5ን በፍጹም አትዝለሉ። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለው። በደንብ ሲፈላ ይጠፋል። ሳይፈላ ለብ ብሎ ብቻ ሲቆይ ግን አይጠፋም። 4 ወይም 5 ፍሬ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ እንኳን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ጥሬውን ቦሎቄ ስሎው ኩከር (በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ውስጥ ጥላችሁ ወደ ሥራ አትሂዱ። ዕቃው በቂ ሙቀት ላይ ላይደርስ ይችላል። መጀመሪያ ምድጃ ላይ አፍሉት።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት? መልሱ የምትኖሩበት ቦታ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር መፍያው በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የጣሊያን አሰራር ላይ "1 ሰዓት ቀቅሉ" የሚለውን አምናችሁ አዲስ አበባ ላይ 1 ሰዓት ብትቀቅሉ ጥሬ ነው የምታወጡት። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ላላችሁ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃል። አዲስ አበባ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያዙ። ውሃው ሁልጊዜ ከቦሎቄው በላይ በ2 ጣት ከፍ ብሎ ይቆይ። ስትጨምሩም የፈላ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ መብሰሉን ያጓትታል።

ፕሬዠር ኩከር ካላችሁ ከፍታው ብዙም አያስጨንቃችሁም። ቦሎቄውንና ውሃውን ጨምራችሁ ከዕቃው ግማሽ በላይ አትሙሉ፤ አረፋው መተንፈሻውን ይደፍናል። አስፈላጊ ከሆነ ውሃውን ቀንሱና በኋላ ጨምሩ። 1 ማንኪያ ዘይት አረፋውን ይቀንሳል። መጮህ ከጀመረ በኋላ ቆላ ላይ 15 ደቂቃ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል። ግፊቱ በራሱ እስኪወጣ ጠብቁ። ቀዝቃዛ ውሃ እየደፋችሁ ካስቸኮላችሁት ቦሎቄው ይፈነዳል።

መብሰሉን እንዴት ታውቃላችሁ?

ከድስቱ የተለያየ ቦታ 5 ፍሬ አውጡ። አንዱን በማንኪያ ይዛችሁ እፍ በሉበት። ቆዳው ተሸብሽቦ ከተገፈፈ ቀርቧል ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን በምላሳችሁና በላንቃችሁ መሃል ብቻ ተጫኑት። ጥርስ አትጠቀሙ። ያለ ምንም ዱቄታማ ስሜት እንደ ቅቤ ከሟሟ በስሏል። ከ5ቱ አንዱ እንኳን ከጠነከረ ድስቱ አልደረሰም። ለንፍሮ የሚበቃ ብስለት እዚህ አይበቃም። ንፍሮ ላይ ፍሬው ጠጠር ማለቱን እንወደዋለን፤ እዚህ ግን ግማሹ ተፈጭቶ ሾርባውን ማወፈር አለበት።

እንቢ ካለ፦ ከ3 ሰዓት በኋላም ልቡ ከጠነከረ ወይ ቦሎቄው አርጅቷል፣ ወይ ውሃችሁ ማዕድን የበዛበት ነው። ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩና 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ማሸጊያውን አንብቡ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ። ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅራፊ የሚይዝ ከሆነ ውሃችሁ ማዕድን የበዛበት ነውና በሚቀጥለው ጊዜ የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ ቁሌቱ

ቦሎቄው ሊደርስ 30 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው በሌላ ድስት ይህን ጀምሩ። ይህ ሾርባው የሚያልቅበት ድስት ነውና ትልቅ ይሁን።

1. ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ሰለሪውን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉ። የምስር ፍሬ ያክሉ።
2. 5 ማንኪያ የወይራ ዘይት አድርጉና በትንሽ እሳት አሙቁ።
3. ሦስቱንም አንድ ላይ ጨምሩ፤ ቁንጥር ጨው ነስንሱ።
4. ከ12 እስከ 15 ደቂቃ እያማሰላችሁ አለስልሱ።
5. የቀረውን ነጭ ሽንኩርት ከትፋችሁና የቀረውን የጥብስ ቅጠል ጨምራችሁ 1 ደቂቃ አቆዩ።
6. የቲማቲም ድልሁን ጨምሩና ዘይቱ ቀላ እስኪል 2 ደቂቃ አቁላሉ። ትኩስ ቲማቲም ከሆነ ልጣችሁ ከትፋችሁ ጨምሩና ውሃው እስኪመጥ 10 ደቂቃ ያህል አብስሉት።

እጃችን የለመደው የወጥ ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ እሳቱም ጠንከር ይላል፣ መልኩም ይጠቁራል። እዚህ ያንን ልማድ ተዉት። ዘይቱ ከመጀመሪያው አለ፣ እሳቱ ትንሽ ነው፣ አትክልቱም መልኩ ሳይጠቁር መለስለስ ብቻ አለበት። ቡናማ ካደረጋችሁት ሾርባው የወጥ ጣዕም ይዞ ይወጣል። ጠርዙ መጥቆር ከጀመረ ወዲያው ከቦሎቄው ውሃ አንድ ጭልፋ አፍስሱበትና እሳቱን ቀንሱ። ነጭ ሽንኩርቱ ከተቃጠለ ግን ምሬቱ አይለቅም። ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ የ15 ደቂቃ ሥራ ነው፣ ለ3 ሰዓት ቦሎቄ አይሳሳለትም።

ሰለሪ ካጣችሁ ካሮቱን 2 አድርጉና እለፉ።

ቲማቲሙ እስከ አሁን የዘገየው በምክንያት ነው። ኮምጣጣ ነገር ያልበሰለ ቦሎቄ ላይ ከፈሰሰ መለስለሱን ያቆመዋል። ከቦሎቄው ጋር አብራችሁ ቀቅላችሁ ከሆነ እስከ ዛሬ ያልበሰለላችሁ በዚህም ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ አገናኙና አወፍሩ

1. ከቦሎቄው አንድ ሦስተኛውን በጭልፋ አውጡና ሳህን ላይ አድርጉ።
2. ከመቀቀያው ውሃ ግማሽ ኩባያ ጨምራችሁ በሹካ ወይም በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ፍጩት። ቆዳው ካስጠላችሁ በወንፊት አሳልፉት። ልጆች ባሉበት ቤት ወንፊቱ ድካሙን ይክሳል።
3. የተፈጨውን ቁሌቱ ላይ ገልብጡና አዋህዱ።
4. የቀረውን ቦሎቄ ከነውሃው ጨምሩ። የጥብስ ቅጠሉን እንጨት አውጡ።
5. የአይብ ቅርፊት ካላችሁ ላዩን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉና አጥባችሁ ጨምሩ። የፓርሚጃኖ ቅርፊት የደረቀ አይብ እንጂ ሌላ አይደለም። በሰም የተሸፈነ የሌላ አይብ ቅርፊት ግን አይገባም።
6. በትንሽ እሳት 15 ደቂቃ ይንተክተክ።

ብሌንደር የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ አቀዝቅዙት። የፈላ ነገር በተከደነ ብሌንደር ውስጥ ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊት ያቃጥላል። ሁሉንም ቦሎቄ ደግሞ አትፍጩ፤ አንድ ሦስተኛ በቂ ነው።

የመቀቀያውን ውሃ በስህተት ከደፋችሁት፦ ከቦሎቄው ግማሹን ፍጩና 1 ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ ተጠቀሙ። ጣዕሙ ይቀንሳል፤ ውፍረቱ ግን ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ፓስታው

እስካሁን የለፋችሁበት ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቤት ሳይገባና ሳህኑ ሳይደረደር ፓስታ አትጨምሩ።

1. ፓስታው ከመግባቱ በፊት ሾርባው መቅጠን አለበት። ፓስታው ብዙ ውሃ ይጠጣል። ጭልፋ ስትነክሩ ሾርባው እንደ ወተት ካልፈሰሰ ከ2 እስከ 3 ኩባያ የፈላ ውሃ ጨምሩ።
2. ጨው ቅመሱና አሁን አስተካክሉ። ቅርፊቱም የራሱ ጨው አለው፤ ሳትቀምሱ አትጨምሩ።
3. በደንብ አፍሉት፤ ከዚያ ፓስታውን በትኑበት።
4. የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ሳታቋርጡ አማስሉ። ከዚያም በየ1 ደቂቃው ታቹን ፈትጉ። ወፍራም ሾርባ ሳይታወቅ ነው ታቹ የሚይዘው።
5. ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ 3 ሲቀረው መቅመስ ጀምሩ። አንዱን ፍሬ ለሁለት ቁረጡና እዩት። መሃሉ ላይ ቀጭን ነጭ ነጥብ ካለ እሳቱን አጥፉ። አዲስ አበባ ላይ ፓስታም ስለሚዘገይ ሰዓቱን ሳይሆን ነጥቡን እመኑ።
6. ከድናችሁ 10 ደቂቃ አሳርፉ። ነጩ ነጥብ በራሱ ሙቀት ይበስላል።

ፓስታውን ለብቻ ቀቅለው አጥልለው የሚጨምሩ አሉ። ለቤተሰብ ምሳ ይህን አልመክርም። ሾርባውን የሚያስተሳስረው ከፓስታው የሚወጣው ስታርች ነው፤ ለብቻ ከተቀቀለ ስታርቹን ከውሃው ጋር ትደፉታላችሁ። ብዙ እንግዳ በየሰዓቱ የሚመጣበት ዝግጅት ከሆነ ግን ለብቻ ቀቅሉና በየሳህኑ ጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ማቅረብ

ቅርፊቱን አውጡ። ውፍረቱን እዩ። ናፖሊዎች ማንኪያ እስኪያቆም ድረስ ወፍሮ ይወዱታል፤ ቀጠን አድርገው የሚወዱም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ መሃሉን ያዙ፤ ሳህን ላይ ቀስ ብሎ ይዘርጋ፣ ጠርዙ ላይ ግን ውሃ አይለይ። ጥሬ የወይራ ዘይት በቀጭኑ አፍስሱበት፣ ቁንዶ በርበሬ ፍጩበት፣ የጾም ካልሆነ የተፈቀፈቀ አይብ ነስንሱ። ሚጥሚጣ የሚያምራችሁ ቁንጥር ብቻ፤ ደቡብ ጣሊያኖችም ቃሪያቸውን ይጨምሩበታል። በጣም ትኩስ ሆኖ አይበላ፤ ትንሽ ሲበርድ ነው ጣዕሙ የሚወጣው።

ከተበላሸ የሚደረግ

ታቹ ከያዘ፦ አትፋቁት። ሳታማስሉ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፤ የተጣበቀውን እዚያው ተዉት። ከፋቃችሁት የማረር ሽታው ሁሉንም ይይዘዋል።

ጨው ከበዛ፦ ፓስታው ገና ካልገባ ቀላል ነው። ጨው የሌለው የፈላ ውሃ ጨምሩ፤ ለውፍረቱ ደግሞ ተጨማሪ ቦሎቄ ፍጩ። ፓስታው ከገባ ማድረግ የምትችሉት በፈላ ውሃ ማቅጠንና አይቡን መተው ነው።

ከወፈረ፦ በፈላ ውሃ ብቻ፣ ግማሽ ኩባያ በግማሽ ኩባያ አቅጥኑ።

ከቀጠነ፦ ፓስታው እንዳይላሽቅ ረጅም ጊዜ አታፍሉት። ሁለት ጭልፋ ቦሎቄ አውጥታችሁ ፍጩና መልሱ። 10 ደቂቃ ማሳረፉም ራሱ ያወፍረዋል።

ፓስታው ከላሸቀ፦ መመለሻ የለውም። ሁሉንም ፍጩትና ወፍራም ሾርባ አድርጋችሁ ከተጠበሰ ዳቦ ጋር ብሉት። ይጣፍጣል፤ መጣል የለበትም።

በቆርቆሮ ቦሎቄ ለምትሠሩ

ሰዓት ከሌላችሁ 400 ግራም የሚይዙ 2 ቆርቆሮዎች ይበቃሉ። ከደረጃ 3 ጀምሩ። ማሸጊያው ላይ ውሃ፣ ቦሎቄና ጨው ብቻ ከተጻፈ ፈሳሹን አብራችሁ ተጠቀሙ፤ ስኳር ወይም ሶስ ካለበት ግን አይሆንም። ላዩ ላይ 1 ሊትር የፈላ ውሃ ጨምሩና ቅርፊቱን አትርሱ። የቆርቆሮው ፈሳሽ ጨዋማ ስለሆነ እስከ ደረጃ 5 ድረስ ተጨማሪ ጨው አታድርጉ።

ለነገ ማስቀመጥ

ፓስታ የገባበት ሾርባ ፍሪጅ ውስጥም መጠጣቱን አያቆምም። ጠዋት በቢላ የሚቆረጥ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለሁለት ቀን ካሰባችሁ ደረጃ 4 ላይ ግማሹን ቀንሱና ያለ ፓስታ አስቀምጡ። ሳይቆይ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ ሰፊ ዕቃ ላይ ከገለበጣችሁት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ 3 ወር ይቆያል። ስታሞቁት በደንብ አፍሉት፣ በፈላ ውሃ አቅጥኑት፣ ከዚያ ለዕለቱ የሚበቃ ፓስታ ብቻ ጨምሩ፤ ለ1 ሰው 30 ግራም፣ ማለትም አንድ ደህና እፍኝ።